ማሰሪያው የት ነው?
ስለ እንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር አሠራር በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



በዛሬው የትምህርት ቤታችን በዓል ላይ ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንዱ ስለ ትምህርት እንዲናገር በተወሰነ ጊዜ ዕጣው ለእኔ ደረሰኝ። ጓደኞቼ ስለ አገር ፍቅር ወይም ስለ ሳይንስ ብትናገር ይሻላል ብለው መክረውኝ ነበር። እኔ ግን የመረጥሁት የእንግሊዝኛን ዐረፍተ ነገር አሠራር ነው። ይህን ስናገር ከወደ ኋላ የተቀመጡት የታችኛው ክፍል ተማሪዎች ሲያዛጉ አያለሁ፤ ወላጆችም «ይህ ነገር ለእኛ ምናችን ነው?» ሳትሉ አትቀሩም። ስለዚህ ወደ ሰዋስው ከመግባቴ በፊት ይህን ነገር እንድመርጥ ያደረገኝን አንድ ጥፋቴን እነግራችኋለሁ። ሁላችሁም እንድትከተሉኝ የእንግሊዝኛውን ምሳሌ በራሳችን ፊደል ጽፌዋለሁ።

ዕድሜዬ ዐሥራ አራት ዓመት ሳለ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አጠገብ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ነበረ። በዚያ የሚያገለግሉት የውጭ አገር ሲስተር አማርኛቸው ከሰላምታ አያልፍም ነበርና ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማሪዎች አንዱ እየሄደ ያስተረጕምላቸው ነበር። በአንድ ቅዳሜ ተራው የእኔ ሆነ። አንዲት አሮጊት ከሩቅ ገጠር በእግራቸው መጥተው ነበር። ሲስተር መርምረው መድኃኒቱን በወረቀት ጠቅልለው ሰጧቸውና ወደ እኔ ዘወር ብለው «ዶንት ቴክ ዚስ ሜዲሲን አንለስ ዩ ሃቭ ኢትን» አሉ። እኔም እንግሊዝኛ ዐዋቂ መሆኔን ለማሳየት ቸኵዬ ነበርና ሲስተር ነገራቸውን ሳይጨርሱ «ይህን መድኃኒት አይውሰዱ» ብዬ ተረጐምሁ። አሮጊቷም መድኃኒቱን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና «ለማይወሰድ መድኃኒት ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት?» እያሉ ወጡ። የቀረውን ግማሽ ሰምቼ፣ ትርጕሙንም አስቤ ወደ ደጅ ስሮጥ ዕለቱ የገበያ ቀን ነበርና ከሰዉ መካከል ላገኛቸው አልቻልሁም።

የሲስተር ንግግር «ምግብ ካልበሉ በቀር ይህን መድኃኒት አይውሰዱ» ማለት ነበር። ከቃሎቹ መካከል የማላውቀው አንድም አልነበረም። መድኃኒት፣ መብላት፣ መውሰድ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባሉ ከታናሽነቴ ጀምሮ ዐውቃለሁ። ያላወቅሁት ቃሎቹ የሚሰለፉበትን ሥርዐት ነው።

በአማርኛ ሰዋስው ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግሥ ማሰሪያ አንቀጽ ይባላል። ስሙም የተገባ ነው፤ ነዶ የሚያስር ገበሬ ዛላውን ሁሉ ከሰበሰበ በኋላ ገመዱን በመጨረሻ እንደሚቋጭ፣ እኛም ባለቤቱን፣ ጊዜውን፣ ቦታውን፣ ምክንያቱን ሁሉ ከሰበሰብን በኋላ በመጨረሻ በግሡ እናስረዋለን። «ወንድሜ ትናንት ገበያ ላይ አንድ በግ» ብዬ ዝም ብል ሰሚው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል፤ ገዛ እንደ ሆነ፣ ሸጠ እንደ ሆነ፣ ወይም ጠፋበት እንደ ሆነ ገና አልታወቀምና። እንግሊዝ ግን «ማይ ብራዘር ቦት ኤ ሺፕ አት ዘ ማርኬት የስተርደይ» ይላል። ማሰሪያው ከባለቤቱ ቀጥሎ ወዲያው መጣ፤ በጉ፣ ገበያውና ትናንት ከኋላ ተከተሉት። እንግዲህ አማርኛ ተናጋሪ እንግሊዝኛ ሲሰማ ግሡን ሲያገኝ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ደግሞ አማርኛ ሲሰማ ዋናው ነገር መቼ ይመጣል እያለ ይጨነቃል። የእኔም ጥፋት ከዚህ የመጣ ነው፤ «ዶንት ቴክ» የሚለውን ማሰሪያ ስሰማ በአማርኛ ልማዴ ዐረፍተ ነገሩ የተዘጋ መሰለኝ።

ይሁን እንጂ ግሥን ማስቀደም ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። ከመካከላችን የቄስ ትምህርት ቤት ያለፉት እንደሚያውቁት ግእዝ ብዙ ጊዜ ግሡን ከባለቤቱ እንኳ ያስቀድማል፤ «ሐነጸ ንጉሥ ቤተ» ቢል ንጉሡ ቤት ሠራ ማለት ነው። በዚሁ ምሳሌ አንድ ሌላ ነገር ተመልከቱ። «ቤት» የሚለው «ቤተ» የሆነው ተሳቢ መሆኑን ለማሳወቅ ነው። አማርኛችንም ይህን ሥራ በ«ን» ይሠራል። «ውሻው ልጁን ነከሰው» ብንል፣ «ልጁን ውሻው ነከሰው» ብንል፣ የተነከሰው ያው ልጁ ነው፤ «ን» የትም ተከትላው ትሄዳለችና። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለ ምልክት ለስም የለውም። «ዘ ዶግ ቢት ዘ ቦይ» ያልነውን ገልብጠን «ዘ ቦይ ቢት ዘ ዶግ» ያልን እንደ ሆነ ውሻውን የነከሰው ልጁ ሆነ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ባለቤትንና ተሳቢን የሚለያቸው የተቀመጡበት ስፍራ ብቻ ነው።

ይህ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ የነበረ አይምሰላችሁ። የዛሬ ሺህ ዓመት የነበረው እንግሊዝኛ ለባለቤትና ለተሳቢ የተለያየ የቃል መድረሻ ነበረው። ኖርማኖች በ1066 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቈጣጠር እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በነበሩት መቶ ዓመቶች፣ አስቀድሞ መላላት የጀመረው መድረሻ ጥቂት በጥቂት እየረገፈ ሄደ፤ ቾሰር የተባለው ባለቅኔ በ1400 ሲሞት አብዛኛው ጠፍቶ ነበር። መድረሻው ሲጠፋ ሥራውን ተራው ወረሰው። ዛሬ የቀረው ፍርፋሪ «ሂ» እና «ሂም»፣ «ዜይ» እና «ዜም» በሚሉት ተውላጠ ስሞች ላይ ይገኛል። አስተማሪዎቻችን የቃላቱን ተራ ስናዛባ የሚቈጡበት ምክንያት አሁን የገባኝ ይመስለኛል፤ እኛ በ«ን» የምንሠራውን እነርሱ በተራ ይሠሩታልና።

ሁለተኛው ለእኛ የሚያስቸግረው ባለቤቱን ያለ መተው ሥርዐት ነው። በአማርኛ «መጣ» የምትለው አንዲት ቃል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ናት፤ የመጣው ወንድ፣ አንድ፣ ሩቅ ሰው መሆኑ በውስጧ አለ። እንግሊዝኛ «ኬም» ብቻ ቢል ማን እንደ መጣ ስለማይታወቅ «ሂ ኬም» ማለት ግድ ነው። ይባስ ብሎ ባለቤት በሌለበትም ስፍራ ባለቤት ይፈልጋል። «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» ሲሉ ይህ «ኢት» የተባለው ማን ነው? ሰማዩ ነው? ደመናው ነው? እኔ ጠይቄ ያገኘሁት መልስ ማንም አይደለም የሚል ነው። ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን ብቻ የተቀመጠ ነው። እኛ ግን «ይዘንባል» ማለት ስለ ለመድን በደብተራችን ላይ «ኢዝ ሬይኒንግ» እያልን እንጽፋለን፤ ቀይ መስመርም ይሰመርበታል።

ዐረፍተ ነገሮች በአገልግሎታቸው አራት ናቸው፤ ነገርን የሚያስታውቅ፣ የሚጠይቅ፣ የሚያዝና የሚያደንቅ። ይህን ሁላችሁም በአራተኛና በአምስተኛ ክፍል ስለ ተማራችሁት አላረዝምም። ነገር ግን እዚህም ላይ የተራ ነገር አለ። «ሃው ቢውቲፉል ዘ ፍላወር ኢዝ» ቢሉ አድናቆት ነው፤ «ሃው ቢውቲፉል ኢዝ ዘ ፍላወር» ቢሉ ደግሞ ጥያቄ ነው፤ ግሡና ባለቤቱ ቦታ ከመለዋወጣቸው በቀር ሌላ ለውጥ የለም። እኛ በድምፅ ከፍ ማለት ብቻ «ታውቃለህ?» ስንል እንግሊዝ «ዱ» የምትባለውን ረዳት ከፊት አምጥቶ «ዱ ዩ ኖው» ይላል። ጥያቄው በሌላ ዐረፍተ ነገር ሆድ ውስጥ ከገባ ግን ተራው ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ስለዚህ «አይ ዶንት ኖው ዌር ሂ ኢዝ» ይባላል እንጂ «ዌር ኢዝ ሂ» አይባልም። በፈተና ላይ ይህን የሚስቱ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ አንዱ እኔ ነበርሁ።

ስለ ትእዛዝ አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛ ለታናሹ «ና»፣ ለእኅት «ነይ»፣ ለብዙዎች «ኑ»፣ ለአባት «ይምጡ» ይላል። እንግሊዝኛ ግን ለውሻም ለዲሬክተርም ያለው «ካም» ብቻ ነው። አክብሮት ሲፈለግ ታዲያ ትእዛዙን ጥያቄ ያስመስሉታል። አንድ ጊዜ አስተማሪያችን በመስኮት አጠገብ የተቀመጠውን ጓደኛችንን «ካን ዩ ኦፕን ዘ ዊንዶው» ቢሉት፣ እርሱ ብድግ ብሎ «የስ ሰር» አለና መልሶ ቁጭ አለ። መክፈት ትችላለህ ወይ ብለው የጠየቁት መስሎት ነበር። እኛ ስንስቅ እርሱ አስተማሪውን ስላከበረ ምን ያስቃል ብሎ ተቈጣ። መልኩ ጥያቄ የሆነ ሁሉ ጥያቄ አይደለም።

አሁን በጣም ወደ ጠቃሚው ክፍል እገባለሁ። ዐረፍተ ነገሮች በአሠራራቸው ደግሞ ነጠላ፣ ድርብ፣ ውስብስብ፣ ድርብም ውስብስብም የሆኑ ተብለው ይከፈላሉ። ነጠላው አንድ ማሰሪያ ያለው ነው። ድርቡ ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች እንደ «ኤንድ»፣ «በት»፣ «ኦር»፣ «ሶ» ባሉ መስተጻምሮች እኩል ለእኩል የተጠመዱበት ነው፤ እንደ ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር ማለት ነው። ውስብስቡ ግን አንዱ ራሱን የቻለ ሆኖ ሌላው በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ ጥገኛ ነው። «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ» ጥገኛ ነው፤ ብቻውን መቆም አይችልም። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። «ዝናብ ስለ ዘነበ» ብላችሁ ለእናታችሁ ንገሩና ዝም በሉ፤ «እሺ፣ ስለ ዘነበ ምን ይሁን?» ትላችኋለች። እንግዲያውስ በእንግሊዝኛም ከ«ሬይንድ» በኋላ ነጥብ አድርጋችሁ አትለፉ።

እኛን የሚያሰናክለን አማርኛችን ጥገኛ ነገሮችን የሚደረድርበት ሀብቱ ነው። «አበበ ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ትምህርት ቤት ሄደ» ስንል ማሰሪያው «ሄደ» ብቻ ነው፤ «ተነሥቶ»፣ «ታጥቦ»፣ «በልቶ» የተባሉት ቦዝ አንቀጾች ወደ እርሱ ያዘነበሉ ናቸው። ይህን ወደ እንግሊዝኛ ስንመልስ «አበበ ጎት አፕ፣ ሂ ዎሽድ ሂዝ ፌስ፣ ሂ ኤት ሂዝ ብሬክፋስት፣ ሂ ዌንት ቱ ስኩል» ብለን በነጠላ ሰረዝ እያያያዝን እንጽፋለን። ይህ አራት ሙሉ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ነጠላ ሰረዝ ደግሞ አራት ሙሉ ዐረፍተ ነገር የመሸከም ጕልበት የላትም። ባለቤቱን አንድ ጊዜ ብቻ ጠርቶ ግሦቹን መደርደርና ከመጨረሻው በፊት «ኤንድ» ማለት ይበቃል። ወይም «አፍተር ሂ ሃድ ኢትን ሂዝ ብሬክፋስት» ብሎ አንዱን ጥገኛ ማድረግ ይቻላል።

ከዚህም ሌላ «ድኻ ቢሆንም ነገር ግን ደስተኛ ነው» ማለት በአማርኛ ነውር የለበትም። በእንግሊዝኛ ግን «ኦልዞው» ካሉ በኋላ «በት» መጨመር በአንድ በር ላይ ሁለት መቈለፊያ እንደ ማድረግ ነው፤ አንዱ ይበቃል። እንዲሁም «የገዛሁት መጽሐፍ» በምንለው ውስጥ የመጨረሻይቱ «ት» መጽሐፉን ታመለክታለች። ይህችን «ት» ይዘን ስለምንሻገር «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት ኢት» ብለን እንሳሳታለን። «ኢት» ትርፍ ናት። ደግሞም እኛ «የገዛሁት» ብለን ከስሙ በፊት የምናስቀድመውን እነርሱ ከስሙ በኋላ እንደሚያስከትሉት ልብ በሉ።

የሌላ ሰው ቃል ማቅረብ ግን ከሁሉ ይልቅ አደገኛ ነው። ከታችኛው ክፍል ያለ አንድ ተማሪ ወደ ቤቱ ለመሄድ ፈቃድ ሲለምን «ማይ ፋዘር ሴድ አይ አም ሲክ» ብሎ ጻፈ። አስተማሪው ወረቀቱን አንብበው የልጁን ግንባር ዳሰሱና ትኵሳት የለህም ብለው ወደ ክፍሉ መለሱት። ልጁ ሊል የፈለገው «አባቴ አሞኛል አሉ» ነው። በአማርኛ የታመሙት አባትዮው መሆናቸውን የማያውቅ የለም፤ የተናጋሪውን ቃል ከአፉ እንደ ወጣ አምጥተን «አለ» ወይም «አሉ» በማለት እናስረዋለንና። እንግሊዝኛ ግን ቃሉን እንደ ወጣ ለማምጣት የጥቅስ ምልክት ይፈልጋል። ያለዚያ ባለቤቱንም ጊዜውንም ለውጦ «ማይ ፋዘር ሴድ ዛት ሂ ዎዝ ሲክ» ማለት አለበት። ያ ልጅ አባቱ ታመው ሳሉ እርሱ በክፍል ውስጥ ዋለ። ወላጆች ሆይ፣ ስለ አንዲት «ሂ» ይህን ያህል የምደክመው በከንቱ እንዳይመስላችሁ።

ረጅም ዐረፍተ ነገር ሲገጥመኝ እኔ የማደርገውን ላሳያችሁ። «ዘ ዉማን ሁዝ ቻይልድ ዎዝ ሲክ ዌንት ቱ ዘ ክሊኒክ ቢፎር ዘ ሰን ሮዝ» የሚል ቢመጣ፣ በመጀመሪያ ግሦቹን እቈጥራለሁ፤ «ዎዝ»፣ «ዌንት»፣ «ሮዝ»፣ ሦስት ናቸው። ቀጥሎ ከፊታቸው ጥገኛ የሚያደርግ ቃል ያላቸውን እለያለሁ፤ «ዎዝ» በ«ሁዝ»፣ «ሮዝ» በ«ቢፎር» ተይዘዋል። ነጻ ሆኖ የቀረው «ዌንት» ነው፤ ማሰሪያው እርሱ ነው። ማን ሄደ? «ዘ ዉማን»። ሴትዮዋ ሄደች፤ አጥንቱ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ከጫፍ ጀምሬ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ፦ «ልጇ የታመመባት ሴት ፀሐይ ሳትወጣ ወደ ክሊኒክ ሄደች»። ጫፍ ላይ የነበረው ፀሐይ ወደ መካከል ገባ፤ መካከል የነበረው «ሄደች» ጫፍ ላይ ወጣ። ደግሞም «ቢፎር» የሚለው ቃል በአማርኛ «ሳትወጣ» በሚል አሉታ ተተረጐመ፤ በእንግሊዝኛው ውስጥ ግን አሉታ አልነበረም። ይህ ለእኔ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ቃል በቃል የሚተረጕም ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል?

አሁን ወደ ተውኋቸው አሮጊት ልመለስ። በስምንተኛው ቀን፣ በማግስቱ ሳምንት ቅዳሜ፣ ተመልሰው መጡ። ትኵሳታቸው ብሶ ነበር፤ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ነበር የገቡት። ተራው የእኔ ባይሆንም ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ስላልያዘኝ በዚያ ቁጭ ብዬ እጠብቅ ነበር። ሲስተር ነገሩን ስነግራቸው አልተቈጡኝም፤ ያንኑ መድኃኒት እንደ ገና ጠቅልለው ሰጡና ያንኑ ቃል ተናገሩ። እኔም እስኪጨርሱ ድረስ አፌን ይዤ ቈየሁ። ከዚያም «እማማ፣ ምግብ ካልበሉ በቀር ይህን መድኃኒት አይውሰዱ» አልኋቸው፤ ያለፈው ቅዳሜ ጥፋት የእኔ እንደ ነበረም ነገርኋቸው። ጥቂት ተመለከቱኝና «ታዲያ፣ ልጄ፣ መጀመሪያ ‹ካልበሉ› አትልም ኖሯል? ምን አስቸኰለህ?» አሉኝ። ፊደል ያልቈጠሩት እኒያ እናት ጥገኛው ከማሰሪያው በፊት መምጣት እንዳለበት ከእኔ ይልቅ ያውቁ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በገበያ ውስጥ ቅቤ ሲሸጡ አየኋቸው። አፍሬ ልሸሽ ስል በስተኋላዬ ጠሩኝ። እጅ ነሥቼ ደኅንነታቸውን ብጠይቃቸው እየሳቁ «ዛሬስ በልቻለሁ» አሉኝ።